ጣና ዳር አድጌ ውቅያኖስ ላይ ቆምኩ፦ ሞሮኮ፣ ታጋዙት ሰርፍ ካምፕ ለመሄድ ለምታስቡ

የጣና_ዳር (ፍራንክፈርት) · ኅዳር 29

ሰላም ለሁላችሁ። ከሞሮኮ ከተመለስኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ ትከሻዬ ገና አልተፍታታም። ከአጋዲር ከተማ በስተሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ታጋዙት በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ሰርፊንግ (በቦርድ፣ ማለትም በረጅም ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ) እያደሩ በሚማሩበት ሰርፍ ካምፕ ውስጥ ስምንት ቀን ቆይቼ መጣሁ። ከመሄዴ በፊት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብፈልግ አንድም አላገኘሁም። ስለዚህ ያየሁትን ሳልቆጥብ ልጻፍላችሁ፤ ጥያቄ ያላችሁም ጠይቁኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እኛ ጣናን «ባሕሩ» ነው የምንለው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውሃው ይቆጣል፣ ታንኳ ቀዛፊዎች ወደ ዳር ይጣደፋሉ፤ ነፋሱ ሲያርፍ ውሃውም ያርፋል። ሞገድ ማለት ለእኔ ያ ነበር። ታጋዙት በደረስኩ ማግሥት ጠዋት ከቤቱ ሰገነት ላይ ሆኜ ወደ ውቅያኖሱ ስመለከት ግን ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። የተሰጣው ልብስ አይነቃነቅም፣ የውሃው ፊት ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ሆኖም ከሩቅ አንድ ጥቁር መስመር ብቅ ይላል፣ እየቀረበ ከፍ ይላል፣ ወደ ባሕሩ የገባውን ዐለት ሲያገኝ ይታጠፍና ከጫፍ ጀምሮ እየተተረተረ ይወርዳል። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

አሰልጣኛችን የመንደሩ ተወላጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። «ይህ ሞገድ የተነሣው ከቀናት በፊት ነው» አለን። በሰሜን አትላንቲክ ወጀብ ይነሣል፤ ወጀቡ እዚያው ይቀራል፣ ጉልበቱ ግን በውሃው ውስጥ ረጅም መንገድ ተጉዞ ሞሮኮ ዳርቻ ላይ ይፈርሳል። ትልልቁ ሞገድ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ ያኔ ሰሜኑ ክረምቱ ነዋ።

አሁን ዋናውን ላስቀድም። ካምፑን በፎቶው አትምረጡ። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት ቤት ሰገነቱ የሚያምር፣ የዮጋ ምንጣፍ የተደረደረበት ነበር። ትምህርቱ ላይ ግን አሥራ ሁለት ሰው በአንድ አሰልጣኝ ሥር ሆንን። ያን ቀን ደጋግሜ ወደቅሁ፤ አሰልጣኙ አንዱንም አላየም። ለምን እንደምወድቅ የሚነግረኝ ሰው ካላገኘሁ ባሕሩን ለመጠጣት ብቻ እንደመጣሁ ይቆጠራል። ማታ አብራኝ ከነበረች ፖርቱጋላዊት ጋር ተመካክረን፣ ከከፈልነው ከፊሉን ትተን ሌላ ቤት ገባን። ሁለተኛው ቤት አልጋው የሚንቋቋ፣ ሙቅ ውሃው ለሦስት ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ነገር ግን ለአራት ተማሪ አንድ አሰልጣኝ ነበረው። ስለዚህ ስትደውሉ መጀመሪያ «ለስንት ተማሪ ስንት አሰልጣኝ?» በሉ። ቀጥሎ «በየቀኑ የት ትወስዱናላችሁ?» በሉ። ጥሩ ቤት ለዚህ ጥያቄ «እንደ ባሕሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። የእኛው ማለዳ ተነሥቶ የውሃውን ሙላትና (ባሕሩ በቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላልም) ነፋሱን አይቶ፣ አንድ ቀን ከመንደሩ በስተደቡብ ወዳለው ፓኖራማ፣ ሌላ ቀን ታምራግት የምትባል ጎረቤት መንደር አጠገብ ወዳለው ዴቪልስ ሮክ ዳርቻ ይወስደናል። አንከር ፖይንት የሚባለውን ዝነኛውን ሞገድ ዳር ቆመን ብቻ ነው ያየነው። የጀማሪ ቦታ አይደለም፤ ከሥሩ ዐለት ነው።

ስለ ዋና እውነቱን ልንገራችሁ። ያለፈው ጥር ላይ ከዳር እስከ ዳር መዋኘት አልችልም ነበር። ጣና ዳር ማደግ ዋና አያስተምርም። በምኖርበት ሰፈር የሕዝብ መዋኛ አምስት ወር ተምሬ፣ 200 ሜትር ሳላርፍ መዋኘትና በጀርባዬ ተኝቼ መንሳፈፍ ከቻልኩ በኋላ ነው ትኬት የቆረጥኩት። ጀማሪ የሚማረው ወገብ በሚደርስ ውሃ ቢሆንም፣ ሞገድ ሲያንከባልላችሁ ለጥቂት ሰከንዶች ላይና ታቹ ይጠፋባችኋል። እነዚያን ሰከንዶች ሳትደነግጡ ማሳለፍ ካልቻላችሁ አሰልጣኙ የሚናገረው ሁሉ ጆሯችሁ አይገባም።

በአራተኛው ቀን ዴቪልስ ሮክ ላይ ነበርን። ቦርዱ ዘጠኝ ጫማ የሚረዝም፣ ላዩ ስፖንጅ የሆነ ሰማያዊ ቦርድ ነው። ሆዴን ለጥፌ ተኝቻለሁ፣ አገጬን ከፍ አድርጌ ዳሩን አያለሁ። ሞገድ ሊመጣ ሲል ባሕሩ አስቀድሞ ወደ ራሱ ይስባል፤ ውሃው ከጎንና ጎኔ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይሰማኛል። ከዚያ የአረፋው ድምፅ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ። የቦርዱ ጭራ ተነሣ፣ ሦስት ጊዜ ቀዘፍኩ፣ መዳፎቼን ከደረቴ ግራና ቀኝ ተከልኩ፣ እግሮቼም ከሥሬ ገቡ። ቆምኩ። አሰልጣኙ አራት ሰከንድ ነበር ይላል። በእነዚያ አራት ሰከንዶች ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ ከቦርዱ ሥር የሚሮጠውን ውሃ ብቻ ነበር የምሰማው። ዳር ስደርስ አሸዋው ላይ ተንበርክኬ እልል አልኩ። ግመል ይዞ የቆመ አንድ ሽማግሌ ዞር ብሎ አየኝና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ።

የመገናኛ_ሰው (አዲስ አበባ) · ኅዳር 29

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተመለስሽ። ሳነበው እኔም ውሃው የነካኝ መሰለኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፦ በጠቅላላው ስንት ወጣብሽ? በኢትዮጵያ ፓስፖርትስ እንዴት ይገባል?

የጣና_ዳር · ኅዳር 30

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ለሁለተኛው ቤት ለሰባት ሌሊት 430 ዩሮ ከፈልኩ። በዚህ ውስጥ አራት ሰው የሚያድርበት ክፍል፣ ቁርስና እራት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ትምህርት፣ ቦርድና ዌትሱት (ከውሃው ብርድ የሚከላከል የላስቲክ ልብስ) አለ። ለመጀመሪያው ቤት ከከፈልኩት 140 ዩሮ ቀረብኝ፤ ከአሥራ ሁለት ሰው ጋር ሳምንቱን ከመጨረስ ግን ይሻላል። ከፍራንክፈርት አጋዲር በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ሞሮኮ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። እኔ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ስላለኝ በኢንተርኔት አመልክቼ ነው ያገኘሁት፤ የመኖሪያ ፈቃድህ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ግን አይቀበሉም፣ ቀኑን አስቀድመህ ተመልከት። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ቪዛ የማይጠየቅበት ኬንያ ይቀርባል። ሆኖም ዲያኒ የሚባለው የኬንያ ባሕር ዳርቻ የሚታወቀው በነፋስ በሚጎተተው በካይት ነው፤ ከምነግራችሁ የተለየ ትምህርት ነው።

እናት_በስቶክሆልም · ታኅሣሥ 1

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ይህንኑ አገር ልሂድ ብላ ከበጋ ጀምሮ ስትለምነኝ ነው። እኔ ደግሞ ክፍሉ ከወንድ ጋር የተቀላቀለ ነው፣ መጠጥ አለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራ ነው ሲሉ እየሰማሁ እምቢ አልኳት። እውነቱ ምንድን ነው? ባሕሩንም እፈራለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

የጣና_ዳር · ታኅሣሥ 1

እናቴ፣ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። እኔ ባረፍኩበት ቤት የሴቶች ብቻ የሆነ ክፍል ነበር፤ ስለጠየቅሁ ነው የሰጡኝ። ስለ መጠጥ፣ ታጋዙት ውስጥ መጠጥ ቤት አላየሁም። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቀዝፍ ውሎ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ነው። ሁሉም ካምፕ እንደዚህ ነው አልልዎትም፤ ሌላ አገር ያሉት፣ በተለይ በበጋ ወጣት የሚጎርፍባቸው፣ እርስዎ እንደሰሙት ያሉም አሉ። አንዳንድ ቤት ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ወላጅ አብሮ ካልመጣ አይቀበልም፤ ስለዚህ የልጅዎን ዕድሜ ተናግረው ይጠይቁ።

ባሕሩን መፍራትዎ ትክክል ነው። ልጅዎ መዋኘት ትችላለች?

እናት_በስቶክሆልም · ታኅሣሥ 1

ትችላለች ልጄ። ስዊድን ውስጥ ሕፃናቱን በትምህርት ቤት ያስተምሯቸዋል። ከእኔ የተሻለች ናት። እኔማ ከወገቤ በላይ ገብቼ አላውቅም።

የነታንያ_ልጅ (እስራኤል) · ታኅሣሥ 2

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ሞገድ ላይ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ ማለት ነው። የጣና_ዳር የጻፍሽው ልብ ያሞቃል፤ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም።

እዚህ አገር ሰርፊንግን እ.ኤ.አ. በ1956 ያመጣው ዶሪያን ፓስኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ይኸው ሰው በ1972 በአሜሪካ የሰርፍ ካምፕ ከፈተ፤ ሚስቱና ዘጠኝ ልጆቹ ሁሉ አብረው ይሠሩ ነበር። ያኔ ካምፕ ማለት ልጆች ሳምንታት ሙሉ ከባሕር አጠገብ ድንኳን ውስጥ አድረው፣ ባሕሩን ማታም ጠዋትም እያዩ የሚያድጉበት ነበር። የዛሬው ካምፕ ሰውን በሦስተኛው ቀን ያቆመዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ይሸኘዋል። አሰልጣኙ ሞገዱን መርጦልሽ፣ ቦርዱን ከኋላ ገፍቶልሽ ከቆምሽ ሞገዱን የያዘው እሱ ነው። ሰርፊንግ የትኛው ሞገድ እንደሚመጣልሽ ማወቅ ነው። መቆሙ ትንሹ ክፍል ነው።

ስለ አደጋም ካነሣን አይቀር፣ ጀማሪዎች የሚስቱትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዳሩ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ግራም ቀኝም ሞገድ ይፈርሳል፣ መካከል ላይ ግን ጸጥ ያለ፣ የማይፈርስበት መንገድ ይታያል። የማያውቅ ሰው «እዚህ ይሻላል» ብሎ በዚያ ይገባል። ያ ግን ሞገዶቹ ያመጡት ውሃ ሁሉ ወደ ባሕር የሚመለስበት ጅረት ነው፤ ይዞ ይሄዳል። ከያዛችሁ ወደ ዳር አትታገሉት፤ ትደክማላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ቦርዱን አትልቀቁ፣ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ቅዘፉ፣ ከጅረቱ ስትወጡ አረፋው ራሱ ይመልሳችኋል። እጅ ማንሣት አያሳፍርም።

ሌላው፣ ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት ብዙም በማይበልጥበት ቦታ ነው። ሞገዱ አንድ ሜትር ከሆነ ብዙውን ጊዜ እግራችሁ ይደርሳል። ይህ ለፈራ ሰው ያጽናናል፤ ነገር ግን በጭንቅላት መወርወር አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስትወድቁ ጠፍጣፋ ሆናችሁ፣ ጭንቅላታችሁን በክንዳችሁ ሸፍናችሁ ውደቁ።

የጣና_ዳር · ታኅሣሥ 2

ወንድሜ፣ ይህን መልስ ስጠብቅ ነበር። ስለ ጅረቱ የጻፍከውን ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ ያንብበው።

መግፋቱን በተመለከተ ልክ ነህ። የእኛ አሰልጣኝ እስከ አራተኛው ቀን ገፍቶኛል። በአምስተኛው ቀን ግን ቦርዱን ነክቶ አያውቅም። ጠዋቱን ሙሉ አሸዋ ላይ አስቀምጦ ሞገድ አስቆጠረን። «በአንድ ቡድን ስንት ይመጣሉ? ትልቁ ስንተኛው ነው? ከየት ጎን መፍረስ ይጀምራል?» ይለናል። በሁለት ሞገዶች መካከል ያለውን ጊዜ በሰከንድ ቆጠርን፤ 13 እና 14 እየሆነ መጣ። ጣና ላይ ሦስትም የሚሞላ አይመስለኝም። ከዚያ ውሃ ገብተን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ራሳችን መረጥን፤ እኔ አንድም አልያዝኩም። ግን የአራተኛው ቀን አራት ሰከንድ የተሰጠኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ሆኖም ባይገፋኝ ኖሮ በሁለተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ዮጋ ምንጣፍ ላይ እቀመጥ ነበር። አዋቂ ሆኖ ለሚጀምር፣ ለዚያውም ባሕር ሳያይ ላደገ ሰው፣ መጀመሪያ የሚገፋው ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ።

የነታንያ_ልጅ · ታኅሣሥ 3

ሞገድ ያስቆጠረሽ ሰው እውነተኛ አሰልጣኝ ነው። እኛ ሜዲትራኒያን ላይ ብዙ ጊዜ ስድስትና ሰባት ሰከንድ ነው የምናገኘው፤ እንደ ጣናሽ በቅርብ ነፋስ የሚነሣ ስለሆነ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሞታል። አሥራ አራት ሰከንድ ላይ መማርሽ ዕድል ነው። ለመግፋቱም ተረታሁ፤ እኔን አባቴ ነው የገፋኝ፤ ዋና ሳይችል ደረቱ ድረስ ገብቶ።

ወለተ_ሚካኤል (ለንደን) · ታኅሣሥ 5

በኅዳር መጨረሻ ከሄድሽ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። እንዴት አደረግሽ? እኔ በጾም ጉዞ የማልሄደው ምግቡን ፈርቼ ነው።

የጣና_ዳር · ታኅሣሥ 5

ጾሜ ነበር። ከመሄዴ በፊት ለንስሐ አባቴ ደውዬ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ባሕር መግባት እንደሚያዞር ነግሬ፣ እሳቸው ያሉኝን ነው ያደረግሁት። አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

ምግቡ ግን አያሳስብሽ። ቢሳራ የሚባል አላቸው፤ የተከካ ደረቅ ባቄላ በነጭ ሽንኩርት ተቀቅሎ፣ ተደፍጥጦ፣ ከላዩ የወይራ ዘይትና ከሙን ይፈስበታል። ቁርስ ላይ በሸክላ ጎድጓዳ ሳህን እየተንፈቀፈቀ መጣልኝና ዳቦ ቆርሼ ስነክርበት የባቄላ ሽሮ ነው። በርበሬው ብቻ ነው የቀረው! ማብሰያ ቤት የምትሠራውን እናት «እኛም ይህን እንበላለን» ብዬ በምልክት ሳስረዳት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔን ድርሻ ለብቻ በትልቅ ሳህን ታስቀምጥልኝ ጀመር። አትክልት ታጂን (በሸክላ ድስት የሚበስል ወጥ)፣ ምስር፣ ወይራ በየቀኑ አለ። ሐሪራ የሚባለውን ሾርባ ግን ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ሥጋ ይገባበታል። አምሉ የሚሉት ከአልሞንድ፣ ከማርና ከአርጋን ዘይት የሚሠራ ማባያም አለ። አርጋን የዚያ አካባቢ ዛፍ ነው፤ በየኮረብታው ላይ ታይዋለሽ፣ ፍየሎች ቅርንጫፉ ላይ ይወጡበታል።

ሹሩባ_ወዳጅ (ዋሽንግተን ዲሲ) · ታኅሣሥ 6

ጸጉርስ? ጨው ውሃ ለእኛ ጸጉር መርዝ ነው።

የጣና_ዳር · ታኅሣሥ 6

ሹሩባ ተሠርቼ ሄድኩ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም። ከመግባቴ በፊት በንጹሕ ውሃ አርሼ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ጸጉር አስቀድሞ ውሃ ከጠጣ ጨዉን ብዙ አይስብም። ስወጣ ወዲያው መታጠብ ነው። ፊትሽንም አትርሺ፤ ጥቁር ነኝ ብዬ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሳልቀባ በገባሁበት ቀን አፍንጫዬ ተላጠ።

አሚና_ኤም (ዱባይ) · ታኅሣሥ 8

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። በሒጃብ የሚማር ሰው አይተሻል? እዚህ ሰንሴት ቢች ላይ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ግን አሰልጣኙ ወንድ ስለሆነብኝ አልደፈርኩም።

የጣና_ዳር · ታኅሣሥ 8

ወዐለይኩም ሰላም አሚና። አይቻለሁ፤ አንዲት የካዛብላንካ ልጅ ከእኛ ጋር ትማር ነበር። ውሃው 19 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሁላችንም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ዌትሱት እንለብሳለን። እሷ በላዩ ሰፊ ሸሚዝ ደርባ፣ አንገቷንና ጸጉሯን የሚሸፍን የዋና ሒጃብ ታስራለች። ዌትሱቱ የሚያጣብቅ መሆኑን አልደብቅሽም። ሴት አሰልጣኝ ጠይቃ ነበር፤ ለሁለት ቀን አመጡላት። የሞሮኮ ሴቶች በብዛት እያስተማሩ ነውና አስቀድመሽ ጠይቂ።

የመገናኛ_ሰው · ታኅሣሥ 9

ከትምህርቱ ውጭ ምን አየሽ?

የጣና_ዳር · ታኅሣሥ 10

በስድስተኛው ቀን ኢምሱዋን ወደምትባል መንደር ወሰዱን፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ነው። የባሕረ ሰላጤው ሞገድ ዝግተኛና ረጅም ነው፤ ጥሩ ሰው ከያዘው መቶዎች ሜትር ይወስደዋል፣ ከዚያ በእግር ይመለሳል። እዚያ እኔም በራሴ መርጬ አንድ ያዝኩ። በቆምኩ ጊዜ ለምን ያህል እንደሄድኩ ባላውቅም፣ ከውሃ ስወጣ ፖርቱጋላዊቷ ጓደኛዬ ከሩቅ እንደ ጣት ትታየኝ ነበር።

ስንወጣ ግን ከወደቡ በላይ ያለውን ቁልቁለት አየሁት። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ባለሥልጣናቱ በሕገ ወጥ መንገድ የተሠሩ ናቸው ብለው የመንደሩን ብዙ ቤቶች አፍርሰዋል፤ ለመልቀቅ የተሰጠው ጊዜ በጣም አጭር ነበር። አሰልጣኛችን በእጁ እያመለከተ «እዚህ ቁርስ እንበላ ነበር፣ እዚህ አክስቴ ክፍል ታከራይ ነበር» ይለናል። የመሠረቱ ድንጋይና የወለል ሴራሚክ ብቻ ነው የቀረው። ሄዳችሁ ስታርፉ የመንደሩ ሰው የያዘው ቤት ውስጥ ብታርፉ፣ የመንደሩን ልጅ አሰልጣኝ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ራምዚ ቡኪያም የሚባለውን፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለሞሮኮ የተወዳደረውን ሰርፈር ያሳደገው ይኸው የአጋዲር ባሕር ነው።

ከማዶ_የመጣ (ቦሎኛ) · ታኅሣሥ 19

ሁሉንም አነበብኩት። ጥያቄዬ ከሌሎቹ ይለያል፤ ካልተገባ ይቅርታ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከሊቢያ ዙዋራ ተነሥተን በጀልባ ሁለት ሌሊት ባሕር ላይ ቆይተናል። የጣሊያን ባሕር ኃይል መርከብ ነው ያወጣን። ሁሉም አልወጡም። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ሄጄ አላውቅም። ባለቤቴ እዚሁ የተወለደች ናት፤ የካቲት ላይ ታጋዙት ሄዳ ሰርፊንግ ልትማር ትፈልጋለች፣ ያለ እኔ ግን አልሄድም አለች። አሥር ዓመት ሙሉ በእኔ ምክንያት ባሕር አላየችም። ሳልገባ ዳር ተቀምጬ ሳምንቱን ማሳለፍ ይቻላል? ወይስ የሚመጣውን ሁሉ ውሃ ካልገባህ የሚሉ ሰዎች ናቸው?

የጣና_ዳር · ታኅሣሥ 19

ወንድሜ፣ ይቅርታ አትበል። እንኳን ተረፍክ።

ይቻላል። አንድ እግሩን የተሰበረ ጀርመናዊ ሳምንቱን በሙሉ ሰገነት ላይ ሲያነብ ነበር፤ ማንም ምንም አላለውም። ባለቤትህ ስትመዘግብ አንተን «ትምህርት የማይወስድ» ብላ ታስይዝህ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እወቅ፦ መንደሩ ባሕሩ ላይ ነው የተሠራው፤ ድምፁ ሌሊትም አይቆምም። ለእኔ እንቅልፍ ነበር፣ ለአንተ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከዳሩ ራቅ ያለ፣ መስኮቱ ወደ ኮረብታው የሆነ ክፍል ጠይቁ። ካስጨነቀህ አጋዲር በታክሲ ቅርብ ነው።

ነርስ_ሚኒያፖሊስ · ታኅሣሥ 20

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ ባሕርና በረሃ አቋርጠው የመጡ ወገኖችን አስተናግዳለሁ። ውሃው ዳር ሆነህ ልብህ ቢመታ፣ ትንፋሽህ ቢያጥር ድክመት አይደለም፤ ሰውነትህ ያስታውሳል። ከመሄድህ በፊት ከባለሙያ ጋር ብትነጋገር መልካም ነው። እባካችሁ ደግሞ ማንም «ግባና ይለቅሃል» አይበለው። ውሃ ውስጥ የሚመጣ ድንጋጤ ለሚዋኝ ሰው እንኳን አደገኛ ነው። ከገባህም ራስህ ፈልገህ፣ እስከፈለግኸው ድረስ ብቻ ይሁን።

የነታንያ_ልጅ · ታኅሣሥ 20

ወንድሜ፣ ስለ ሰርፊንግ ያወራሁትን ሁሉ ለአንተ አልጻፍኩትም። ዳር መቀመጥህ በቂ ነው።

ከማዶ_የመጣ (ታጋዙት) · የካቲት 11

ሰላም። ከደረስን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ክፍላችን ወደ ኮረብታው ነው፤ ምክራችሁን ሰምተናል።

በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴን ልሸኝ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ድምፁን ችዬው ነበር። የዓሣ አጥማጆቹ ሰማያዊ ጀልባዎች አሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ሞተሩን ሲያጥብ የቤንዚኑ ሽታ መጣብኝ። ጀልባው ውስጥ እግራችንን ያቃጠለን ከጨው ውሃ ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ነበር። ወዲያው ተመልሼ ክፍሌ ገባሁ፤ ያን ቀን አልወጣሁም።

ትናንት አሰልጣኙ ነገሩን ከባለቤቴ ሰማ። ምንም ሳይጠይቀኝ በመኪና ወደ ታምራግት በኩል፣ ጀልባ ወደሌለበት ዳርቻ ይዞን ሄደ። አሸዋው ላይ ሻይ አፈላልን፤ ናናውን በእጁ አሽቶ ጨመረበት። አባቱም ለዓሣ ወጥቶ አንድ ቀን እንዳልተመለሰ ነገረኝ፣ ከዚያ በላይ አላወራንም። ባለቤቴ ስትወድቅና ስትነሣ እያየሁ ዋልኩ።

ዛሬ ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። የባለቤቴን ቦርድ ያዝኩላት። ሞገዱ ሲስብ አሸዋው ከእግሬ ሥር ይሸሻል፣ እንደጻፍሽው ነው። ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ነገም ልይዝላት እፈልጋለሁ። ውሃው ዝቅ የሚልበትን ሰዓት ከየት ነው የምታዩት?

የጣና_ዳር · የካቲት 11

አሁን አየሁልህ። ነገ ውሃው በጣም የሚጎድለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሞገዱም ከአንድ ሜትር በታች ነው፣ ነፋስ የለም። ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ብትወርዱ ዳሩ ሰፊና ሜዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚያው በታምራግት በኩል ሂዱ፣ አሰልጣኙም አብሯችሁ ይሁን። የካቲት ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ለመያዝ ብቻ ቢሆንም ለአንተም ዌትሱት ጠይቅ፣ እግርህ ቶሎ አይደነዝዝብህም። ማታ ጻፍልን።